ቤቱ ነው የሚሰግድ

ሀውራ ቆብ ትሠራለች። ነጭ የሶላት ቆብ፣ በኪሮሽ፣ ከጥጥ ክር። ዙሪያውን ቅጠል የሚመስል ጥለት ታዞርበትና አናቱ ላይ ስትደርስ አንዲት ትንሽ ኮከብ ትቋጥርበታለች። ኮከቧን የሚያውቅበት ሌላ ሰው ስለሌለ ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ነጋዴዎቹ "የአርዲቦዋን ሴትዮ አምጣ" ይባባላሉ። ራስ ለመለካት ክርም ሜትርም ይዛ አታውቅም። ሰውየውን አንድ ጊዜ ታየዋለች፣ መዳፏን እንደ ሳህን ከፈት አድርጋ ትይዛለች፣ አለቀ። ጠበበኝ ወይ ሰፋኝ ብሎ ቆብ የመለሰባት ሰው የለም።

የመንደሩን ወንዶች ራስ ያለበሰች እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። አርብ አርብ ወንዶቹ ከመስጊድ ሲወጡ፣ ከደጇ ቆማ ቁልቁል ስታይ፣ የምታየው ኮከቦቿን ነው። መስጊዱን የሚመሩት ሽማግሌ ሸህ ሰዑድ በእሷ ቆብ ነው የሚያሰግዱ። አጥር የሚጋራት ጎረቤቷ ኸሚስ እንኳ፣ ያ ቀልደኛው፣ ሁለት አለው። በእሷ ቆብ ያልተሸፈነ አንድ ራስ ብቻ ነበር፤ የገዛ ልጇ የሙስዓብ።

ሀውራ የሰው ነውር ስትሸፍን ያረጀች ሴት ናት። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ነገር ሲገለጥ ያማታል። ባሏ ኡስማን በሕይወት ሳለ ከውጫሌ ገበያ አረቄ አረቄ እየሸተተ ሲመጣ፣ "ጥርሱን አሞት ነው፤ አረቄ ያዝበት ብለውት" ትል ነበር። ሰውየው ሲሞት ከአፉ ውስጥ አንድም የታመመ ጥርስ አልነበረም። የገነዙት ሰዎች አይተው ዝም አሉ። ሙስዓብ ማንንም ሳይሰናበት በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ የጠፋ ጊዜም፣ "አያቱ መርቀውት ነው የወጣ" አለች። አያቱ መሄዱን የሰሙት ከሰው ነው።

ሙስዓብ ባሕሩን በጀልባ ተሻገረ፣ የመንን በእግሩ አቋረጠ፣ ድንበሩ ላይ ተይዞ ታሰረ። እዚያ ያየውን ለማንም አልተናገረም። ከእስር ቤት በአውሮፕላን ጭነው ሲመልሱት አንድ ብርድ ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ፣ አመድ መስሎ ገባ። እናቱ እልል ብላ ሳትጨርስ የመግሪብ አዛን አለ። ለዉዱእ የሚሆን ውሃ በጆግ ቀድታ አቀረበችለት። ጆጉን አየው፣ አየውና እጁን ብቻ ታጥቦ ተነሳ።

"አትሰግድም እንዴ ልጄ?"

"እዚያ አላህን ጠርቼ ጠርቼ ደክሞኛል እማ። ተይኝ።"

ተወችው። ብቻ ሰው ለሚጠይቃት አንዲት መልስ አበጀች። ልጅሽ መስጊድ የማይመጣ ለምንድን ነው? "ቤቱ ነው የሚሰግድ።" በረመዳን ተራዊሕ ላይ የት አለ? "ቤቱ ነው የሚሰግድ። ሰው መሐል መቆም እያስጨነቀው።" ሁለት ዓመት ይህችን ቃል እንደ ኪሮሿ ከእጇ ሳትጥላት ኖረች፤ ምላሷ ላይ እስክትለሰልስ።

ያመናት አልነበረም። ነገሩን ወደ ሳቅ የለወጠው ግን ኸሚስ ነው። ኸሚስ ያለ እሱ ሠርግ የማይደምቅ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው አፉን ሸፍኖ የሚስቅለት ሰው ነበር።

"እትየ ሀውራ" ይላታል አንገቱን ከአጥሩ በላይ አውጥቶ፣ "ዓለም ሁሉ ፊቱን ወደዚያ አገር አዙሮ ነው የሚሰግድ። ያንቺ ልጅ ሥሯ ድረስ ሄዶ ቂብላ ጠፋችበት?"

"ቤቱ ነው የሚሰግድ፣ ኸሚስ።"

"አዎ፣ አይቼዋለሁ። በጎኑ ተኝቶ ነው የሚሰግድ።"

ሚስቱ ዘሀራ ከኋላው የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሀውራም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ። ከዚያ ገብታ ኪሮሿን ታነሳለች።

እንግዲህ ያ ቀን የመጣው በሽንኩርት ነው። ሙስዓብ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለችው መሬታቸው ሽንኩርት ተክሎ፣ ከሐይቁ በሞተር እየሳበ በቦይ ያጠጣ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሱ ታች፣ ከቦዩ ጫፍ፣ በአካፋ ውሃ ያዞራል። ሀውራ ላይ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ክሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የኸሚስ አህያ አጥሩን ጥሳ ገባችና ሽንኩርቱን እየነቀለች ትግጠው ጀመር። ሀውራ ጓል አንስታ ወረወረች። ጓሉ የአህያዋን ቅልጥም መታው።

ኸሚስ ሽመሉን ይዞ መጣ፤ ዘሀራ ከአጥሩ ማዶ ቆመች። "አህያዬን ልትሰብሪያት ነው?"

"ሽንኩርቴን ጨረሰችው እኮ። እሰርልኝ ብዬህ አልነበረም?"

"ትብላው! ሶላት የሌለበት ቤት በረካ የለውም። አህያ ካልበላው ማን ሊበላው ኖሯል?"

ሌላ ቀን ቢሆን ሀውራ ያችን የለመደቻትን ቃሏን ብላ ታልፈው ነበር። ያን ዕለት ግን፣ የሰው ነውር ስትሸፍን ያረጀችው ሴት፣ አንዱን ነውር ገለጠች።

"አንተማ ልጅ የለህ፤ እሷኑ እዘላት!"

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ኸሚስና ዘሀራ ልጅ ሳይወልዱ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ያልዘየሩት የወልይ መቃብር፣ ያልጠየቁት ሐኪም የለም። ደሴ ሐኪም ቤት ድረስ ዘሀራን አጅባ የሄደች ሀውራ ናት። ጉድለቱ የባልየው መሆኑን ሐኪሙ ሲናገር የሰማችም እሷ ናት።

ኸሚስ አልቀለደም። የሽመሉን ጫፍ ከሻሿ ሥር ሰደደና ገፈፈው፤ ሻሹን ቦዩ ውስጥ ጣለው። ነጩ ፀጉሯ፣ ከሞተች በኋላ አጣቢዎቿ ብቻ ያዩታል ብላ የምታስበው ፀጉሯ፣ ፀሐይ ላይ ወጣ። ከዚያ በሽመሉ ጆሮዋን አላት። ሀውራ ጮኸች። በዚያው ቅጽበት ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የዐስር አዛን ተነሳ፤ ጩኸቷን አዛኑ ዋጠው።

ሁሉ ሰው ባይሰማት ልጇ ሰማት። ሙስዓብ ከታች ተነስቶ በቦዩ ውስጥ፣ በውሃው ላይ፣ ሮጠ። አካፋው እጁ ላይ ነበር፤ ሊያነሳው አልሄደም፣ ሊጥለውም ጊዜ አላገኘም። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። የእናቱን ራስ አየ። አንድ ጊዜ መታ። ኸሚስ ከቦዩ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ወደቀ፣ አልተነሳም። ቆቡ ከራሱ ወልቆ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ኮከቧን ወደ ላይ አድርጎ፣ እየተንሳፈፈ፣ ቀስ እያለ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ።

ሙስዓብ አካፋውን ጣለ። ሻሹን ከቦዩ አወጣ፣ ጨመቀው፣ እናቱ ራስ ላይ አሰረላት። ቀዝቃዛው ውሃ በአንገቷ ወደ ጀርባዋ ሲወርድ ሀውራ እስካሁን ይሰማታል። ወንዶቹ ከመስጊድ ወጥተው ሲደርሱ እሱ ራሱን ጉልበቱ መሐል ቀብሮ ተቀምጦ ነበር። ፖሊስ ሲመጣ ራሱ እጁን ዘረጋ።

መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ዝናው ይባላል፤ አምባሰል ያደገ፣ የክርስቲያን ገበሬ ልጅ። ሀውራን ሐይቅ ፍርድ ቤት በረንዳ ላይ አስቀምጦ በሚገባት ቋንቋ አስረዳት።

"እማማ፣ መግደሉ አያከራክርም። የሚያከራክረው እንዴት ገደለ የሚለው ነው። ሰው እናቱ ተደብድባ፣ ሻሿ ተገፍፎ አይቶ፣ ደሙ እንደፈላ ቢገድል ሕጉ ያዝንለታል። ቀላል እስራት ነው፤ ከአምስት ዓመት አይበልጥም። ግን ቁጣው ትኩስ መሆን አለበት። በመሐል አረፍ ብሎ፣ በርዶ፣ አስቦበት ከሆነ የሄደ፣ እንደ ማንም ገዳይ ነው የሚታይ። እስከ ሃያ ዓመት ይሄዳል።"

"ያ ረቢ!"

"አሁን የሟች ወንድም ሀሚዱ ምን ብሎ መሰከረ መሰልዎት? 'ሰግጄ ከመስጊድ ስወጣ፣ በአካፋ ሲመታው በዓይኔ አየሁ' አለ።"

"ውሸት ነው! ሲደርስ ተፈጽሞ ነበር።"

"እሱን የሚያፈርስ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። ኸሚስ እርስዎን የመታ አዛን ሲል ነው፤ ሀሚዱ እንደሚለው ልጅዎ የመታ ደግሞ ሶላት ሲያበቃ ነው። መሐሉ ባዶ ነው፣ እማማ። ያ ባዶ ነው ልጅዎን የሚበላው። እስቲ ይንገሩኝ፣ በመሐል ቁጭ አለ?"

"የለም።"

"ውሃ ጠጣ?"

"ኧረ የለም።"

"ከሰው ጋር ቆሞ ተመካከረ? ቤት ገብቶ ልብስ ቀየረ?"

"የለም ልጄ። እንደ ጭቃው ነው የመጣ።"

"እንደ ጭቃው ነው የመጣ!" ዝናው ጭኑን መታ። "ይቺን ቃል ይዘው ይግቡ፤ ሌላ አልፈልግም።"

ሶላቱን አልጠየቃትም። ሰው ቁጣው የሚበርድባቸውን ነገሮች ሁሉ ሲያስብ ሶላት ትዝ አላለውም። ትዝ ቢለው እንኳ ሀውራ ሶላትን ከዚያ አትደምረውም ነበር። ውሃ መጠጣት ማረፍ ነው። ቁጭ ማለት ማረፍ ነው። ሶላት ግን ግዴታ ነው፤ ማን ዕረፍት ይለዋል?

ተዘዋዋሪው ችሎት ሐይቅ በተቀመጠ ዕለት መንደሩ ሁሉ መጣ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ላይ ተደገፈ። ዘሀራ በጥቁር ተጠቅልላ ከፊት ተቀምጣለች፤ ሀሚዱ አጠገቧ። ሙስዓብ በሁለት ፖሊስ መሐል ራሱን አቀርቅሯል። ሀውራ ቁርኣን ነካች፣ ማለች፣ ተናገረች። ስለ አህያዋ ተናገረች። እሷ ለኸሚስ ያለችውን ዘለለችው፤ ሻሿ እንዴት እንደተገፈፈ፣ ሽመሉ የት እንዳረፈ፣ አዛኑ መቼ እንደተነሳ ግን አንድ በአንድ ተናገረች። "ከዚያ ልጄ እንደ ጭቃው መጣ" አለች። ዝናው ደስ ብሎት ተቀመጠ።

ዐቃቤ ሕጓ ተነሳች። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ የማይቆረቁር ልጅ ናት።

"እማማ፣ ኸሚስ ሲመታዎት አዛን እያለ ነበር አሉ?"

"አዎ ልጄ። የዐስር።"

"ልጅዎ አዛኑን ሰማ?"

"ይሰማል እንጂ። መስጊዱ እኮ ቅርብ ነው።"

"ታዲያ ሶላቱን ትቶ ነው የመጣ?"

ከአግዳሚው ላይ ዘሀራ፣ ጮክ ሳትል፣ ሁሉ ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ "ድሮስ መቼ ሰግዶ ያውቅና! የሰካራም ልጅ!" አለች። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ኸሚስ በአጥሩ ላይ የሚያስቃቸው የነበረው ዓይነት ሳቅ።

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። ሀውራ ግን ዞራ ነበር። ከፊቷ ወንዶቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ራስ ላይ ኮከቧ አለች። በሽመል የተመታው ጆሮዋ ጋለ፤ ግለቱ እስከ አንገቷ ወረደ። ያች ለስልሳ የኖረች ቃል፣ ሳትጠራት፣ በራሷ መጣች።

"ልጄ ሶላት አልፎት አያውቅም! ቤቱ ነው የሚሰግድ! ያን ቀንም ሰግዶ ነው የወጣ!"

ጀርባዋን ለዳኞቹ ሰጥታ ነው ይህን ያለች። ሳቁ ቆመ።

ዐቃቤ ሕጓ አልቸኮለችም። "ፊትዎን ወደ ዳኞቹ ያድርጉልኝ እማማ። ሰግዶ ነው የወጣ አሉ?"

"ሰግዶ ነው።"

"ዉዱእ አድርጎ?"

"ያለ ዉዱእ ይሰገዳል እንዴ?"

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ "እውነቷን ነው" አለ። ሀውራ ቀና አለች።

"እግሩን ታጠበ ማለት ነው። ጭቃውን።"

"ታጠበ።"

"አካፋውስ? ሲሰግድ የት ነበር?"

አካፋውን አላሰበችውም ነበር። አንድ ውሸት ሌላውን እጁን ይዞ ይጎትታል። "ደጅ ነዋ። ግድግዳው ላይ አስደግፎት።"

"ሰግዶ ሲወጣ አነሳው?"

"አነሳው።"

"እማ!" ሙስዓብ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ ፖሊሶቹ ትከሻውን ያዙት። "አልሰገድኩም! ለምን ትዋሻለሽ? አልሰገድኩም እኮ!"

ዳኛው ዝም እንዲል አዘዙና ወደ ሀውራ ዞሩ። "ልጅዎ አልሰገድኩም ይላል።"

ሀውራ ልቧ ተሰበረ። ይህን ሁሉ ሰው ፊት፣ ዘሀራ ፊት፣ ገመናውን በገዛ አፉ! "አፍሮ ነው ክቡር ዳኛ" አለች። "ታይታ አይወድም።"

ዝናው መልሶ ለመጠየቅ ሲቆም ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። "እማማ ሀውራ፣ ረጋ ብለው ያስቡ። እኔን በረንዳው ላይ እንደ ጭቃው ነው የመጣ ብለውኛል። በአላህ ይዤዎታለሁ። ልጅዎ እውነት ሰግዷል?"

ሊፈትናት መሰላት፤ ጸንታ እንደሆነ ሊያይ። ከኋላዋ ደግሞ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ሁለት ዓመት ያላመናት መንደር ሲያምናት ጀርባዋ ላይ እንደ ፀሐይ ተሰማት።

"ቁርኣን ነክቻለሁ ልጄ። ሰግዷል።"

ስትወጣ ሴቶች እጇን ሳሙ። "አብሽሪ እትየ ሀውራ፣ አኮራሽን" አሏት። ዝናውን በረንዳው ላይ ብቻውን ቆሞ አገኘችው።

"ጥሩ ተናገርኩ?"

አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻል ነበር። "እማማ፣ ሰው ተጣጥቦ፣ ፈጣሪው ፊት ቆሞ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ፣ ግራና ቀኝ ሰላም ብሎ ከተነሳ በኋላ፣ ደሙ ፈልቶ ነበር ብዬ ለማን ልንገር?"

የገባት ያኔ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "እመለሳለሁ። ዋሸሁ እላለሁ።"

"ቁርኣን ነክተው፣ ሦስት ጊዜ ጠይቀንዎት ነው ያሉት። አሁን ቢመለሱ ልጇን ለማዳን ዋሸች ነው የሚሉዎት።"

ፍርዱ ሲነበብ ሀውራ ቆማ ሰማች። ተከሳሹ ጥቃቱን ካየ በኋላ ቤቱ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ሶላቱን በሥርዓት አድርሶ፣ ስሜቱን ለማብረድ በቂ ጊዜ አግኝቶ፣ ካስቀመጠበት አካፋውን አንስቶ ሄዶ መግደሉን የገዛ እናቱ፣ የራሱ መከላከያ ምስክር ሆና፣ አረጋግጣለች፤ አለ። ሀሚዱ ራሱ ተገርሞ ወደ ጎን ሲያያት ነበር። እሱ የዋሸውን እሷ አቃናችለት። ተራ የሰው ግድያ፣ አሥራ አራት ዓመት ጽኑ እስራት።

የአገር ሽማግሌዎች ደሙን ለማድረቅ፣ ሁለቱን ቤተሰብ ለማስታረቅ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ያም ቀረ። ሸህ ሰዑድ መልእክት ላኩባት፤ "በግለቱ የገደለን ሰው ደም እናደርቃለን። ከሰጋጃ ተነስቶ ለገደለ ግን ምን ብለን እንቀመጣለን?" አሉ።

ዝናው ይግባኝ አለ፤ ነገር ግን ያየ ሌላ ሰው ያስፈልጋል አላት። ሀውራ አሰበች። የዘሀራን ግቢ ከሽንኩርቱ የሚለየው አጥሩ ብቻ ነው። ሄደች። ዘሀራ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ሀውራ እግሯ ላይ ወደቀች።

"አንቺ አይተሻል። አጥሩ ጋ ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"ሰግዶ ነበር?"

ዘሀራ ሰፌዱን አራገፈች። "የሚሰግድ ልጅ አለሽ እንዴ? ከቦዩ ነው እየሮጠ የመጣ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ። አዛኑ እንኳ አላለቀም።"

ሀውራ በደስታ አለቀሰች። "አላህ ዕድሜ ይስጥሽ። ይህንኑ ለዳኛ ንገሪልኝ።"

"ያየሁትን ብቻ ነው ወይስ የሰማሁትንም?" ዘሀራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "'እሷኑ እዘላት' ያልሽውንም ልንገርልሽ? ደሴ አብረሽኝ ሄደሽ፣ ሸፍኚልኝ ብዬ እጅሽን ይዤ የለመንኩሽን፣ በአጥር ላይ የጮህሽውን?"

ሀውራ ምስሩ ውስጥ ያለች አንዲት ጠጠር አየች፤ ልታወጣላት እጇን ሰደደች። ዘሀራ እጇን መታችው።

"እናገርልሻለሁ" አለች ዘሀራ በመጨረሻ። "ግን መጀመሪያ አንቺ። ጁምዓ ወንዶቹ ሲወጡ መስጊዱ በር ላይ ቆመሽ፣ ልጄ አይሰግድም በይ። የኔ ባል ያለውን በይ። እኔ እዚያው ነኝ።"

ጁምዓ ደረሰ። ሀውራ ከችሎቱ ዕለት በቀር በዕድሜዋ ሰው መሐል ድምፅ አውጥታ አታውቅም፤ ገበያ ላይ እንኳ የቆቧን ዋጋ በጣቷ ነው የምታሳይ። ወንዶቹ ጫማቸውን እያደረጉ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመች።

"ልጄ አይሰግድም!" አለች። መጀመሪያ አልሰሟትም። "ልጄ ሙስዓብ አይሰግድም! ከመጣ አንድ ቀን አልሰገደም! እኔ ነኝ የዋሸሁ! ኸሚስ እውነቱን ነበር!"

ወንዶቹ ቆሙ። ኮከቦቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

"ሰማችሁ?" አለ ሀሚዱ። "ልጇን ለማስፈታት ሃይማኖቱን ልትሸጥ!"

"ተዋት፣ የእናት ሆድ ነው" አለ ሌላው። አንዱም ከንፈሩን መጠጠ።

ሸህ ሰዑድ ቀረብ አሉና በርኅራኄ አዩዋት። "ሀውራ፣ ተይ እህቴ። ቁርኣን ነክተሽ የመሰከርሽለትን ሶላት መልሰሽ አትቀሚው። ገዳይ ነው፤ ግን ሰጋጅ ነው። ያችን እንኳ ተይለት።"

ሁለት ዓመት እውነቱን ስለሚያውቁ አላመኗትም። ዛሬ ውሸቷን ስላመኑ እውነቱን አልቀበል አሏት። ዓይኗን አንስታ ዘሀራን ፈለገች። ዘሀራ ማዶ፣ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ነበር።

"ንገሪያቸው!" አለቻት ሀውራ። "አይተሽ የለም?"

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ዘሀራ ዞሩ። ዘሀራ የጥቁር ሻሿን ጫፍ አጥብቃ ቋጠረች።

"እኔ? ቤት ውስጥ ነበርኩ። ምን አየሁ ብዬ?"

በሚቀጥለው ሳምንት ሀውራ በሶና ቆሎ ቋጥራ ደሴ ሄደች፣ እስር ቤት። የሆነውን ሁሉ ልትነግረው መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጅ ነው የመጣች፤ አፉ በለኝ ልትለው። ሙስዓብ ከሽቦው ማዶ ሲመጣ ከስቷል፣ ፀጉሩን ላጭተውታል። አልሰደባትም። በሶውን ተቀበለ፣ ቋጠሮውን ፈታ፣ መልሶ ቋጠረው።

"እማ፣ ቆብ ሥሪልኝ" አላት።

ሀውራ የሰማችውን አላመነችም። "ልትሰግድ ነው ልጄ?"

"ፍርዱን እዚህ ሁሉ ሰው ሰምቷል። 'ሰግዶ የወጣው' ነው የሚሉኝ። ጠዋት ለፈጅር ይቀሰቅሱኛል። አልሰግድም ብል ደግሞ፣ ያን ቀን ሰው ለመግደል ብቻ ነው የሰገደ ይሉኛል። ስለዚህ እቆማለሁ። ጎንበስ ሲሉ ጎንበስ እላለሁ።"

"ትለዋለህ? ዱዓውን?"

"ምንም አልልም። ዝም ብዬ ነው የምቆም። ብቻ ራሴ ባዶ ሲሆን ያዩኛል።"

ሀውራ ለመለካት መዳፏን ከፈተች። እንደ ሁልጊዜው አንድ ጊዜ አየችው፤ ደግማ አየችው። የተላጨው ራሱ የማን እንደሆነ አላወቀችውም፤ መዳፏን አጠበበች፣ አሰፋች፣ አጠበበች። ልኩ አልመጣላትም።

ሙስዓብ እጇን ሲያይ ቆየ።

"ሰፋ አድርጊው" አላት። "ብዙ ጊዜ ነው የማደርገው።"